«ልቧ በደንብ ይመታል» ከማለታችን በፊት፦ የልብ አልትራሳውንድ በታካሚ አልጋ ዳር



ንግግሬን በአንዲት ታካሚ ልጀምር። በቢታ ገነት የምትኖር የሰባት ወር ነፍሰ ጡር እናስብ። ዳገት መውጣት አቅቷታል፤ ሌሊት ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ቤተሰቧ «የእርግዝናው ክብደት ነው» ይላል። ጤና መኮንኑ ግን ጽንሱን ያየበትን አልትራሳውንድ ወደ ደረቷ ያዞራል።

በስክሪኑ ላይ አስቀድሞ ዓይን የሚስበው ደምን ወደ መላ አካል የሚረጨው የግራ ልብ የታችኛው ክፍል ነው። ግድግዳው በብርታት ይኮማተራል። ጀማሪ ተመልካች «ልቧ በደንብ ይመታል» ብሎ መሣሪያውን ሊያስቀምጥ ይችላል። ዛሬ ላስጠነቅቃችሁ የምሻው ከዚህ ስሕተት ነው።

በአገራችን ወጣቶችን ከሚያጠቁት የልብ ሕመሞች ዋነኛው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚያደርገው ትግል የገዛ ልቡን ቫልቮች ሊጎዳ ይችላል። በብዛት የሚጎዳው በግራ ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍሎች መካከል ያለው በር፣ ማይትራል ቫልቭ ነው። በሩ ሲጠብ ከበታቹ ያለው ክፍል ጤናማ መስሎ ይታያል። ከበላዩ ያለው ግን ይለጠጣል፤ ግፊቱም ወደ ሳንባ ይመለሳል። በእርግዝና ወቅት የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምርና የልብ ምት ስለሚፈጥን፣ ለዓመታት ተሰውሮ የቆየው ጥበት ይገለጣል።

እንግዲህ ምን እንመልከት? ታካሚዋን በግራ ጎኗ አስተኝተን፣ ፕሮቡን ከደረት አጥንት በስተግራ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው የጎድን አጥንቶች አካባቢ እናሳርፋለን። በዚህ እይታ የቀኝ ልብ የታችኛው ክፍል፣ የአኦርታ መነሻና የግራ ልብ የላይኛው ክፍል በጤናማ ሰው በስፋት ይቀራረባሉ። የመጨረሻው ከሌሎቹ ጎልቶ ከሰፋ ዓይናችንን ወደ ቫልቩ እናዙር። የፊተኛው ክንፍ ጫፉ ተይዞ እንደ ታጠፈ ጉልበት ከጎበጠ ጥበትን እንጠርጥር። ጤናማ ማይትራል ቫልቭ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ 1.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ጥበቱ ከባድ ይባላል። መለካቱ የልብ ሐኪም ሥራ ነው፤ መጠርጠሩ ግን የእኛ ነው።

ጥርጣሬው ሕክምናውን ይለውጣል። ለዚህች ሴት በደም ሥር ፈሳሽ ማብዛት ሳንባዋን በውኃ ሊሞላ ይችላል፤ የሚረዳት ፈሳሹን መቀነስና የልብ ምቱን ማርገብ ነው። ወደ ቦንጋ፣ ከዚያም ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ሊጀመር ይገባል።

የልብ አልትራሳውንድ ታሪክ ራሱ የሚነሣው ከዚሁ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን ሉንድ ከተማ፣ ሐኪሙ ኢንገ ኤድለር ከፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ኸርትስ ጋር ልብን በድምፅ ሞገድ ሲመረምር፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሊያውቀው የፈለገው የማይትራል ቫልቭን ሁኔታ ነበር። እኛም ከዚያው እንጀምር፤ የሚመታውን ብቻ ሳይሆን የተዘጋውንም እንይ።