መኪናችን ለምን ሜዳ ላይ አልቆመችም? (በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመካኒክ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ፕሮግራም ላይ የትምህርት ቤታችን ሬንጅ ሮቨር ከጥገና ወጥታ በሜዳው ላይ ትታያለች ተብሎ መጻፉን አንብባችኋል። መኪናዋ ግን በሜዳው የለችም። ሞተሯ ተከፍቶ በዎርክሾፑ ውስጥ ቆማለች። ለጥገናዋ ገንዘብ ያዋጣችሁት የእኛን ቃል አምናችሁ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኛው ከራሳችን እንድትሰሙት ፈለግን።

ይህች መኪና ኳስ ተጫዋቾቻችንን ስታመላልስ፣ የታመመም ተማሪ ሲኖር ወደ ሐኪም ቤት ስታደርስ የኖረች ናት። ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር ሲሆን 3.5 ሊትር ነው። ይህ የአሉሚኒየም ሞተር እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በቡዊክ መኪና ላይ ወጣ፤ በ1965 የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ የመሥራት መብቱን ገዛ፤ ከ1970 ጀምሮም በሬንጅ ሮቨር ላይ ገባ። ስለዚህ ከብዙዎቹ መምህራኖቻችን በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ይህ ሞተር እንደ ልብስ ስፌት መኪና «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» ማለት ጀመረ። አንድ ጋራዥ ብትወሰድ፣ ሳይከፍቱ «ሞተሩ አልቋል፤ ሌላ ይፈለግላት» ብለው መለሷት። በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ልትሸጥ ስትል ነው እኛ «እንሞክር» ብለን የለመንነው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ዕቃ ማወቅ ይበቃል። ካምሻፍት በሚባለው ዘንግ ላይ እንደ እንቁላል የሾሉ ጉብታዎች አሉ። ጉብታው ሲዞር ከላዩ የተቀመጠውን አጭር ድቡልቡል ብረት ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ታፔት የሚባለው ይህ ነው። ታፔቱ ቀጭኑን ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ በቴስታታው ላይ ያለውን ሮከር ያነሣል፣ ሮከሩም በሌላ ጫፉ ቫልቩን ተጭኖ ይከፍታል። በሞተራችን ውስጥ 16 ቫልቮችና 16 ታፔቶች አሉ። የእነዚህ ታፔቶች ሆድ ዘይት ይይዛል፤ በብረትና በብረት መካከል የሚፈጠረውንም ክፍተት ዘይቱ ይሞላዋል። ዘይቱን መያዝ ያቃተው ታፔት ይላላል፤ ያን ጊዜ ብረት ብረትን ይመታል።

በመጀመሪያ የሞተሩን ዘይት አየን። ጠቁሮና ወፍሮ ስለ ነበር አንድ ጓደኛችን «ሬንጅ የተባለችው ለካ በዚህ ነው!» ብሎ አሳቀን። ዘይቱንና ፊልትሮውን ለወጥን፤ ግፊቱንም በመለኪያ ስናየው ደህና ነበር። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንድ የሚሰማ ድምፅ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ከታፔቱ ስለሚወርድ ነው። የእኛ ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ቀጠለ።

ቀጥሎም በሙያ መምህራችን ፊት የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ እየነቀልን አዳመጥን። ድምፁ የፒስተን ወይም የኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሲሊንደር እሳት ሲጠፋ ይለወጥ ነበር፤ አልተለወጠም። ከመካከላችን አንዱ «የጭስ መውጫው ጋስኬት ተበጥሶ ነው» ብሎ ስለ ተከራከረ እሱንም አየን። ጥላሸት የለም። ከዚህ በኋላ የረዥም ካቻቢቴ ጫፍ በሮከሩ ክዳን ላይ አሳርፈን እጀታውን ከጆሯችን ጋር አገናኘነው። ይህ የድሮ መካኒኮች ዘዴ እንዴት እንደሚያሰማ ያልሞከረው ሰው አያምንም! ድምፁ በቀኝ በኩል ከኋላ፣ ከ6ኛውና ከ8ኛው ሲሊንደር ዘንድ ነበር። ክዳኑን አንሥተን፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ዘይት ፊታችን ላይ እየተረጨ፣ በሮከሩና በቫልቩ መካከል ቀጭን የክፍተት መለኪያ ብናስገባ ድምፁ ጸጥ አለ።

እናንተም በዚህ ጊዜ ነው 16 አዳዲስ ታፔቶች የገዛችሁልን።

ለዚህ ሥራ ቴስታታውን ማውረድ አያስፈልግም። ውሃውን አፍስሰን ካርቡራተሮቹንና የአየር ማስገቢያውን አነሣን፤ ሮከሮቹንና ዘንጎቹን አወጣን። እያንዳንዱ ታፔት ከራሱ ጉብታ ጋር ተላምዶ ስለሚያልቅ ቦታው መለዋወጥ የለበትም። ስለዚህ በካርቶን ላይ 16 ቀዳዳ በስተን፣ ቁጥር ጽፈን፣ ያወጣነውን ሁሉ በተራው ሰካነው።

የደህና ታፔት ግርጌ ዓይን የማይለየው ጥቂት ጉብታ አለው፤ በሥራ ላይ እያለ የሚሽከረከረው በዚህ ነው። የአንዱን ግርጌ በሌላው ጎን ላይ ስታሳርፉት ብርሃን በዳርና ዳር ይታያል። በሁለቱ ታፔቶቻችን ላይ ግን ብርሃኑን ያየነው በመካከል ነው። ጎድጉደዋል። በጣታችን ካምሻፍቱን ስንዳስስ የሁለቱ ጉብታዎች ጫፍ ተበልቷል።

እዚህ ላይ ተጣላን፤ እውነቱን መደበቅ አይገባንም። አዲሶቹ ታፔቶች በጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ በዓሉ 9 ቀን ቀርቶታል፤ ለካምሻፍት ግን ገንዘብ የለም። «አዲሶቹን እንክተት፤ ለበዓሉ ትነሣለች፤ ድምፁም ይጠፋል» ያሉ ከመካከላችን ነበሩ። እውነትም ለጥቂት ጊዜ ይጠፋ ነበር። ነገር ግን በተበላ ካምሻፍት ላይ የተቀመጠ አዲስ ታፔት ብዙ ሳይቆይ ይበላል፤ የብረቱም ብናኝ ከዘይቱ ጋር በሞተሩ ውስጥ ይዞራል። በዚያ ምሽት ድምፅ ሰጠን፤ ለ11 ሰዎች ውሳኔው በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ አለፈ። በማግስቱ ወደ ወላጆች ኮሚቴ ሄደን ገንዘቡ እንደማይበቃና መኪናዋ ለበዓሉ እንደማትደርስ ተናገርን። አንድ አባት «ልጆቼ፣ ይህን አስቀድማችሁ ብትከፍቱት አይሻልም ነበር?» አሉን። ልክ ናቸው፤ ታፔቶቹን ከመግዛታችን በፊት ከፍተን ማየት ነበረብን።

ኮሚቴው ፈቀደልን፤ ካምሻፍቱም ከሰንሰለቱ ጋር ሐሙስ ዕለት ደርሷል። እሱን ለማስገባት ራዲያተሩና የፊት ክዳኑ መውረድ አለባቸው። ዘይቱንም መርጠን ገዝተናል፤ የጭስ ማጣሪያን እንዳይጎዳ ተብሎ በዛሬ ዘይቶች ውስጥ የዚንክና የፎስፎረስ መጠን ስለ ተቀነሰ፣ ለእንዲህ ያለ የቆየ ሞተር የሚበቃው ሁሉም ዘይት አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ «ቫልቭ በሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ይህን ምን ያደርግላችኋል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። የተከለከለው መግባቱ ነው፤ አስቀድመው የገቡት አሁንም በየመንገዱ ያንኳኳሉ።

ሞተሩ የሚነሣው በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። አዲስ ካምሻፍትና አዲስ ታፔት የሚላመዱት በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ስለሆነ፣ ሞተሩ እንደ ተነሣ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ መያዝ አለበት፤ ካምሻፍቱ ከታች የሚረጨውን ዘይት የሚያገኘው በዚህ ፍጥነት ነው። ጩኸቱ እስከ ቤተ መጻሕፍት ይሰማል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ግን ማንም ሰው መጥቶ «ቀንሱት» እንዳይለን አደራ እንላለን።