ውሻው ይግባ ወይስ ከደጅ ይቅር?

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ እድራችን፣ ስለ ቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ከእኛ በፊት የተናገሩት ሁሉን አዳርሰውታል። ለእኛ የቀረን ማንም ያልፈለገው ርእስ ነው፤ የውሻ ነገር። «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» እንደሚባለው፣ ውሻን ከኢዮቤልዩ ጋር ምን አገናኘው የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን ባለፉት ሁለት ዓመታት በጠቅላላ ጉባኤያችን ከመዋጮም ከምርጫም ይበልጥ ያከራከረን ይኸው ነው። ሁለት ቤተሰብም አስኮርፎብናል። ስለዚህ ሁላችንም በተሰበሰብንበት ቀን ቢነሳ ይሻላል ብለናል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በአዳራሻችን ባለው ካፌና በርበሬ፣ ሽሮና ጤፍ በምንሸጥበት ሱቅ ውሻ ይዞ መግባት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

የነገሩን መነሻ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እየተቀዳ ነው። ከአባላችን አንዱ ልጆቹን ይዞ ከእንስሳት ሐኪም ሲመለስ ወደ አዳራሹ ጎራ አለ። ውሻውን መኪና ውስጥ ዘግቶ መተው በዚያ ፀሐይ የሚሆን አልነበረምና የ11 ዓመቷ ልጁ በገመድ ይዛው ገባች። ስሙ ሲምባ ነው። በኪስዋሂሊ አንበሳ ማለት ሲሆን ቁመቱ ግን ከጀበናችን ብዙም አይበልጥም። ሲምባ ቄጤማው ላይ አንድ ጊዜ ተንከባለለና ቡና ወደሚቀዱት እናታችን ሄዶ እግራቸውን አሸተተ። እናታችን ጮኸው ብድግ ሲሉ ረከቦቱ ተገለበጠ፤ ጀበናው ተሰበረ፤ ትኩሱ ቡና እግራቸው ላይ ፈሰሰ። ከተቀመጡት አንዱ በድንጋጤ ከዘራውን አንሥቶ ውሻውን መታው። ልጅቷ ውሻዋን አቅፋ እያለቀሰች ወጣች።

ከዚያ በኋላ እናታችን ሦስት ወር አልመጡም። ልጅቷም ከቅዳሜ ትምህርቷ ቀረች፤ «ሲምባን የመቱበት ቤት አልሄድም» ማለቷን አባቷ ነገረን። የአማርኛ ፊደል ለይታ ማንበብ በጀመረችበት ሰሞን ነበር።

እኛስ በኮሚቴነታችን ምን አደረግን? እውነቱን ለመናገር ያደረግነው ነገሩን አባባሰው። ማንንም ሳናነጋግር በማግሥቱ በር ላይ «ውሻ ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍን። ወረቀቱ ለአንዱ ወገን የድል ደብዳቤ፣ ለሌላው ደግሞ የመባረሪያ ደብዳቤ መሰለው። ከዚያ ክርክሩ ደጋፊና ተቃዋሚ አፈራ። አንዱ ተነሥቶ «ይህ የፈረንጅ አመል ነው፤ ዛሬ ውሻ ካስገባን ነገ ምን ልናስገባ ነው? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» አለ። ሌላው መልሶ «የፈረንጅ ብቻ ከሆነ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ በቤተ መንግሥቱ እንደ ልቡ ይዞር የነበረው እንዴት ነው?» ብሎ አሳቀን። እርግጥ ሉሉን ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ማን ውጣ ሊለው ይችል ነበር!

በመጨረሻ እንደ አባቶቻችን ወግ ሽማግሌ ልከን ሁለቱንም ቤት አንኳኳን። የተማርነው ያኔ ነው።

እናታችን ውሻ የሚፈሩት በአመል እንዳልሆነ የነገሩን በዚያን ቀን ነው። በገጠር ሳሉ፣ ገና ልጅ ሆነው፣ ታናሽ ወንድማቸውን ያበደ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ዳነም። ከሳምንታት በኋላ ግን ልጁ ውሃ ሲቀርብለት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪም ቤት ሩቅ ነበር፤ ጸበልም ባህላዊ መድኃኒትም ተሞከረ። «ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ» አሉን። እኛ ለብዙ ዓመታት ቡናቸውን ጠጥተናል፤ ይህን ግን አንድም ቀን ሰምተን አናውቅም ነበር።

ከመካከላችን አዲስ አበባ ያደጉት ደግሞ ጉለሌን፣ ፓስተርን ያስታውሳሉ። ውሻ የነከሰው ልጅ እዚያ ተወስዶ፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን የቀድሞውን ክትባት ለ14 ቀናት በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። መርፌውን ያየ ልጅ ውሻ ሲያይ መንገድ ቢቀይር አይፈረድበትም። ናይሮቢ ስንገባም ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያነበብነው ኪስዋሂሊ በየግቢው በር ላይ የተለጠፈው «ምብዋ ካሊ» ነው፤ ኃይለኛ ውሻ አለ ማለት። ለእኛ ውሻ ማለት ከበር ወዲያ ያለ ጥርስ ነው። ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ፍርድ ያላገኘ ሟች ደሙ «ደመ ከልብ» ሆነ እንላለን።

ልጅቷ ቤት ስንሄድ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘን። ወላጆቿ በሥራ ምክንያት አምሽተው ነው የሚገቡት። ሰፈሩ በአጥር የታጠረ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የማይገናኝበት ነው። እኛ በልጅነታችን ከትምህርት ቤት ስንመለስ አያት፣ አክስት፣ የጎረቤት ልጅ ይቀበለን ነበር። እሷን በር ላይ የሚቀበላት ሲምባ ነው። ለሠራተኛዋ በኪስዋሂሊ፣ ለመምህሯ በእንግሊዝኛ ስታወራ ትውላለች። ለውሻዋ ግን በአማርኛ ነው የምታወራው፤ «እናቴ ከአማርኛ ሌላ አይገባውም ብላኛለች» አለችን። ይህን ስንሰማ የለጠፍነው ወረቀት አሳፈረን።

እንግዲህ በአንድ በኩል ወንድማቸውን ያጡ እናት፣ በሌላ በኩል ይህች ልጅ አሉ። ፍርሃቱም ፍቅሩም እውነተኛ ነው። አንዱን ኋላ ቀር፣ ሌላውን ቅምጥል ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ አንዳንዶቻችንም በጉባኤው ላይ ይህንኑ ብለናል።

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል ብለን ለመጠየቅ ሞክረናል። በፈረንሳይና በጣሊያን ውሻ ካፌ ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ማየት የተለመደ ነው፤ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በመጀመሪያው ሳምንት በስልክ ከሚነግሩን ነገር አንዱ ይህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የምግብ ንጽሕና ደንብ ግን የቤት እንስሳት ምግብ ወደሚዘጋጅበት፣ ወደሚያዝበትና ወደሚቀመጥበት ቦታ እንዳይደርሱ ያዝዛል። በአሜሪካ የዓይነ ስውራን መሪ ውሻ ወደ ምግብ ቤትም ወደ ሱቅም የመግባት መብቱ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የተጠበቀ ነው። እዚሁ ናይሮቢም በካረን አካባቢ የአትክልት ቦታ ያላቸው አንዳንድ ካፌዎች ውሻ ይዞ የመጣውን ደጅ ያስቀምጣሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 በዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ ከደረሰው ጥቃት ወዲህም በአንዳንድ ትልልቅ የገበያ ማዕከሎች መግቢያ መኪናችንን የሚያሸትተው ውሻ ነው። እሱን ማንም ውጣ አይለውም።

ይሁን እንጂ የሰው አገር ደንብ ገልብጦ ማምጣት አልሆነልንም፤ ምክንያቱም የእኛ ገበታ ሌላ ነው። ፓሪስ ውስጥ ውሻውን የዳበሰ ሰው በሹካ፣ ከራሱ ሳህን ይበላል። እኛ የምንበላው በእጃችን፣ ከአንድ ትሪ ነው። በዚያ ላይ ጉርሻ አለ። ውሻ የዳበሰ እጅ ወደ ራሱ አፍ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎረቤቱም አፍ ይሄዳል። ውሻ በአንጀቱ የሚይዛቸው፣ ወደ ሰው የሚተላለፉ ትሎች መኖራቸው ደግሞ ተረት አይደለም፤ በሰሜን ኬንያ፣ በቱርካና፣ ከውሻ በሚመጣ የትል እንቁላል ጉበታቸው ውኃ ቋጥሮ የሚታመሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሱቁማ ጭራሽ አይነሳ። የበርበሬውና የጤፉ ጆንያ አፉን ከፍቶ የተቀመጠው መሬት ላይ ነው፤ ወንድ ውሻ ደግሞ እግሩን የሚያነሳበትን ቦታ አይመርጥም።

በጉባኤው ብዙም ያልተናገሩ አባላትም ነበሩ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ለማንም ቅሬታ አላሰሙም፤ እኛ ሄደን ስንጠይቃቸው ግን ነገሩን። የሻፊዒ መዝሀብ ተከታይ የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ አለበት። ውሻ በሲኒዎቹ መካከል የሚዞርበት ካፌ ለእነሱ የተዘጋ ካፌ ነው። «አንጣላም፤ ዝም ብለን እንቀር ነበር» አለን አንዱ። ይኸው ሰው ውሻን ማሰቃየት በእስልምና ኃጢአት መሆኑን፣ ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱ እንደሚነገርም አጫወተን። በክርስቲያኑም ዘንድ ቢሆን ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ እየተጠበቀ፣ ቤት ጠባቂነቱ ደግሞ ይመሰገናል።

እኛን የረዳን ይህ «ዝም ብለን እንቀር ነበር» የሚለው ቃል ነው። ክርክሩን ስንጀምር የምንጠይቀው ውሻ ንጹሕ ነው ወይስ ርኩስ የሚለውን ነበር፤ በዚያ ጥያቄ ሌላ 25 ዓመት መከራከር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ውሻው ሲገባ ማን ይወጣል ብለን መጠየቅ ጀመርን። ውሻው አዳራሽ ቢገባ እናታችንና ሙስሊም አባሎቻችን ይወጣሉ። ውሻው ከግቢው ፈጽሞ ቢባረር ልጆቻችን ይወጣሉ፤ ልጆች ከወጡ ደግሞ ይህን አዳራሽ ለማን ነው የምናቆየው?

ስለዚህ እንዲህ ወሰንን። አዳራሹ፣ ካፌውና ሱቁ ውስጥ ውሻ አይገባም። ዓይነ ስውርን ወይም ሌላ አካል ጉዳተኛን የሚመራ ውሻ ግን ይገባል፤ እስካሁን እንዲህ ያለ ውሻ ያለው አባል የለንም፤ ሲመጣ በር ላይ ቆመን እንዳንከራከር ከወዲሁ ጽፈነዋል። ግቢው ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ባለው ዛፍ ሥር፣ በገመድ የታሰረና የክትባት ወረቀቱ የታየ ውሻ መቆየት ይችላል። አጠገቡ የውሃ ቧንቧና ሳሙና አስቀምጠናል። ውሻ የዳበሰ ልጅ ሳይታጠብ ትሪ አይቀርብም።

አሁን የሚያሳፍረንን እንናገር። የክትባት ወረቀት የሚለው ደንብ ሲጻፍ ከመካከላችን አንዱ «የእኛዎቹስ?» ሲል ጠየቀ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ከዘበኛው ጋር የሚያድሩት ሁለቱ ውሾች ማለቱ ነው። የሠርጋችንን፣ የተዝካራችንን፣ የበዓላችንን አጥንት ለዓመታት ሲግጡ የኖሩ ናቸው። ልጆቻችን በአጠገባቸው ኳስ ይጫወታሉ። ወረቀት ፈለግን፤ የለም። ከነጭራሹ ተከትበው አያውቁም። በሐኪም የተመረመረውንና የተከተበውን ሲምባን በከዘራ መትተን ስናስወጣ፣ እናታችን የሚፈሩት በሽታ ሊመጣ የሚችልበትን በር እኛው ራሳችን አጥንት እየሰጠን ከፍተን ይዘነዋል ማለት ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው 100 አጋጣሚዎች 99 ያህሉ በውሻ ነው። ከሟቾቹ ከ10 አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል፤ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ሐኪም ቤት ሄዶ ክትባት መጀመር ነው። የዛሬው ክትባት እንደ ድሮው ሆድ ላይ አይደለም፤ ክንድ ላይ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ለልጆቻችሁም ለቤት ሠራተኞቻችሁም ንገሯቸው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። ኬንያም በሽታውን እስከ 2030 ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2014 ዕቅድ አውጥታ ተነሥታለች።

ሁለቱ የግቢያችን ውሾች ባለፈው የካቲት ተከትበዋል፤ ወጪው ከማኅበሩ ካዝና ነው። እስከዚያ ስም አልነበራቸውም። ሐኪሙ ወረቀት ላይ የሚጽፈው ስም ሲጠይቅ ዘበኛው ተቸገረ፤ የቅዳሜ ተማሪዎች ናቸው በአማርኛ ቡላና ዳማ ብለው ያወጡላቸው።

ስለ ሁለቱ ቤተሰቦች ትጠይቁን ይሆናል። ከዘራውን ያነሡት አባት ልጅቷ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። ልጅቷ ደግሞ ከአባቷ ጋር እናታችን ቤት ሄዳ ነበር፤ አዲስ ጀበናና የሲምባን የክትባት ደብተር ይዛ። «እማማ፣ እዩት፣ ማኅተም አለው» አለቻቸው። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጡ። «ጎሽ ልጄ፤ ወረቀቱን ወድጄዋለሁ። እሱን ግን አታስጠጊብኝ» አሏት። ዛሬም አልተለማመዱም፤ እንዲለማመዱም አልጠየቅናቸውም። ስትገቡ አይታችሁ ከሆነ ሲምባ ዛፉ ሥር ታስሯል፤ ዛሬ ቡናውን ያፈሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻም አንድ ማስታወቂያ አለን። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ትምህርት ሲያልቅ፣ የእንስሳት ሐኪም ወደ ግቢያችን ይመጣል። የራሳችሁን ውሻ ብቻ ሳይሆን የዘበኞቻችሁንና የጎረቤቶቻችሁንም ጭምር ይዛችሁ ኑ። የመመዝገቢያው ወረቀት በር ላይ፣ ያ የቀድሞው ማስታወቂያ በነበረበት ቦታ ተለጥፏል።