ግማሽ ቤት

ውድ የከተማ ፕላን ምሩቃን፤

በሰሜን ቺሊ ኢኪኬ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። መሀሏ ላይ፣ ግማሽ ሄክታር በምታህል መሬት፣ ወደ 100 የሚጠጉ ቤተሰቦች ያለ ሕጋዊ ይዞታ 30 ዓመት ያህል ኖረውባታል። መንግሥት ቤት ሊሠራላቸው ሲነሣ ለአንድ ቤተሰብ የመደበው 7,500 ዶላር ነበር፤ መሬቱም፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩም፣ ግንባታውም ከዚያው የሚሸፈን። በዚህ ገንዘብ መሬት የሚገኘው ከተማ ዳር ነው። ቤተሰቦቹ ደግሞ ከሰፈራችን አንነቃነቅም አሉ።

አርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬናና ኤሌሜንታል የተባለው ቡድኑ ሒሳቡን ገለበጡት። ገንዘቡ ለ40 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ከበቃ፣ ጠባብ ቤት ከመሥራት የደህና ቤት ግማሽ ቢሠራስ? የትኛው ግማሽ ቢሉ፣ ለነዋሪው አቅም የሚከብደው፦ መሠረቱ፣ መዋቅሩ፣ ደረጃው፣ ወጥ ቤቱና መታጠቢያው። ቀሪውን ነዋሪው ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ራሱ እንዲሞላው በቤትና በቤት መካከል ክፍት ቦታ ተተወለት። ቅጥያዎቹ ሁሉ አያምሩም የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። አራቬና ግን በ2016 እ.ኤ.አ. የፕሪትዝከርን የአርክቴክቸር ሽልማት ሲቀበል ከሚወሱለት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር።

በየካቲት 2010 እ.ኤ.አ. መጠኑ 8.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ኮንስቲቱሲዮን የተባለችውን ሌላ የቺሊ ከተማ አፈራረሳት። ይኸው ቡድን በ100 ቀን ፕላን እንዲያወጣ ታዘዘ። የባሕር ዳርቻውን ባዶ እንተወው የሚል አለ፤ ግዙፍ ግንብ እናቁም የሚልም አለ። ቡድኑ ያቀረበው ደን ነበር፤ ማዕበሉን የሚያቆም ሳይሆን ጉልበቱን የሚሰብር። ነዋሪዎቹ ሲጠየቁ ግን ሌላ ነገር አነሡ። ሱናሚ በስንት ዘመን አንዴ ነው፣ ዝናቡ ግን በየዓመቱ ያጥለቀልቀናል፣ አረፍ የምንልበት መናፈሻም የለንም አሉ። ደኑ የዝናብ ጎርፍ ማስረጊያም መናፈሻም እንዲሆን ታቀደ። የነዋሪዎቹን ችግር ከካርታ ላይ ማንበብ አይቻልም ነበር።

አዲስ አበባ ላይም ኮንዶሚኒየም ሲታቀድ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት ተካቷል። ከኑሮ የመነጨ፣ ብልህ ሐሳብ! ዛሬ አንዳንዱ ሱቅ ሆኗል፣ አንዳንዱ ተቆልፏል። ለምን እንደሆነ ምጣዷን ቤቷ ውስጥ የጣደችው እናት ታውቃለች፤ የጋራ ቤቱን ያከራየው የነዋሪዎች ኮሚቴም ያውቃል። የኮንዶሚኒየም ሰፈሮቹ ጀሞም፣ ጎፋም፣ ሰሚትም በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው፤ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቋቸው።