ወንፈል በመምህራን መካከል፦ የርእሰ መምህሩ ድርሻ

(በሐሙሲት ከተማ ለርእሳነ መምህራንና ለጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች የቀረበ ንግግር)



ልንነጋገርበት የመጣነው ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም መምህራን በቡድን ሆነው እርስ በርስ እንዲማማሩ የትምህርት ቤት መሪ ምን ሊያደርግ ይገባዋል የሚለው ነው።

ወደ ነገራችን ከመግባታችን በፊት ከዚህ ከተማ ወጣ ሲሉ የሚታየውን የሩዝ ማሳ እናስታውስ። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። ለአካባቢው እንግዳ የነበረው እህል ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል፤ በደራ ወረዳ የምትገኘው የጅግና ስምም ኤክስ ጅግና በሚባለው ዝርያ ሲጠራ ይኖራል። ገበሬው ይህን አዲስ እህል የለመደው የጎረቤቱን ማሳ አይቶ፣ ጠይቆ፣ በራሱም ማሳ ሞክሮ ነው። የአረም ጊዜ ሲደርስ ሥራው ለአንድ ቤተሰብ ይከብዳልና ወንፈል ይገባል፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ ይታረማል። በወንፈል ዕለት ባለማሳው አረሙን አይደብቅም፤ ወገኖቹን የጠራው ስለ አረሙ ነውና። ጎብኚ ይመጣል በተባለ ጊዜ ግን በመንገድ ዳር ያለው ብቻ ጸድቶ ሊቆይ ይችላል።

የመምህራን የመማማር ቡድንም ከሁለቱ አንዱን ይሆናል፤ ወይ ወንፈል፣ ወይ ጉብኝት። የትኛውን እንደሚሆን በአብዛኛው የሚወስነው ርእሰ መምህሩ ወይም ርእሰ መምህርቷ ነው።

አሠራሩ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ባወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው መሻሻል እንዲያውል፣ ጀማሪ መምህርም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በነባር መምህር እንዲደገፍ ተመልክቷል። ችግርን የመለየት፣ የማቀድ፣ የመተግበርና የመገምገም ዑደቱ፣ የጉድኝት ማዕከሉ፣ ማኅደረ ተግባሩ ሁሉ ለዚሁ የተዘረጉ ናቸው። ሆኖም ማኅደር በሞላበት መደርደሪያ አጠገብ ማንበብ የተሳነው ልጅ ተቀምጦ እናያለን። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት በ12ኛ ክፍል የበቀለ አይደለም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሳይነቀል የከረመ አረም ነው።

በክልላችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ወደ ትምህርት ገበታው የተመለሰው ልጅ ምን እንደ ጎደለው የሚነግረን የመምህር መምሪያ የለም። በአንድ አምስተኛ ክፍል ውስጥ አንቀጽ አቀላጥፎ የሚያነበውና ፊደል ገና ያልለየው አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ይህን ለይተው ሊያውቁ የሚችሉት ልጆቹን በየቀኑ የሚያዩአቸው መምህራን ናቸው፤ እነርሱም ያዩትን እርስ በርስ ሲነጋገሩ ነው።

ታዲያ ለምን አይነጋገሩም? እንደምናየው ዋናው ምክንያት ፍርሃት ነው። «ክፍልፋይን ሦስት ጊዜ አስተማርሁ፤ አልገባቸውም» ያለ መምህር ቃሉን በሥራ አፈጻጸም ውጤቱ ላይ ተመዝግቦ ካገኘው ዳግመኛ አይናገርም። የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም በብዙ መምህራን ዘንድ ከመማማሪያነት ይልቅ እንደ መቆጣጠሪያ የታየው ስለዚህ ነው። በፕሮጀክት ሥራ ላይ ያለን እኛም ከጥፋቱ ነፃ አይደለንም። ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ ተፈረመ ብለን ጠይቀናል፤ ከዚያ ስብሰባ በኋላ የትኛው ልጅ ምን ተማረ ብለን የጠየቅንበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ሰው የሚቆጠርለትን ነገር ያበዛልና ቃለ ጉባኤው በዛ።

ከአባቶቻችን ጉባኤ ቤት የወረስነው ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፤ ይታረማልም። የአንዱ ስሕተት የሁሉ ትምህርት ይሆናል፤ የታረመውም በማግሥቱ ሌላ ቅኔ ይዞ ይቀርባል። በዚሁ በደቡብ ጎንደር ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔምም ድጓን በሌላ ስፍራ የተማረ ሰው ለምስክር ይሄዳል። ዐዋቂ መባል ከተማሪነት አያወጣም።

እንግዲህ የትምህርት ቤት መሪ ሊያደርጋቸው የሚገቡ አራት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ጊዜውን ይጠብቅ። 60 ሰዓት ለ40 ሳምንታት ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ሰዓት በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ አስቀድሞ ካልገባ መምህሩ ደክሞ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። የአንድ ትምህርት ዓይነት ወይም የአንድ ክፍል ደረጃ መምህራን አብረው ነፃ የሚሆኑበት ክፍለ ጊዜ ይመደብላቸው። ያ ሰዓት ከተመደበ በኋላ ስለ መዋጮ ወይም ስለ አስቸኳይ ሪፖርት ስብሰባ አይጠራበት።

ሁለተኛ፣ የቡድኑን ውይይት ከአፈጻጸም ምዘና ይለይ። በቡድኑ ውስጥ የተነገረ ድክመት በማንም ላይ ማስረጃ ሆኖ እንደማይቀርብ በግልጽ ይናገር፤ ቃሉንም ይጠብቅ። ይህ አመኔታ አንድ ጊዜ ከፈረሰ መልሶ መገንባቱ ብዙ ዘመን ይወስዳል። ሪፖርት ሲጠየቅም ቡድኑ የደረሰበት ይጻፍ፤ ማን ምን እንዳለ አይጻፍ።

ሦስተኛ፣ የውይይቱ መነሻ የተማሪ ሥራ ይሁን። አምስት ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። ልጆቹ የት ላይ ተሳሳቱ? ለምን? በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንሞክር? ከዚያም አንዱ ያስተምር፤ ሌሎቹ ከኋላ ተቀምጠው የልጆቹን አማማር ይመልከቱ። የጃፓን መምህራን ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩበት ልማድ ይኸው ነው፤ ትምህርቱን አብረው ያቅዳሉ፣ አንዱ ሲያስተምር ያያሉ፣ በመጨረሻም ባዩት ላይ ይወያያሉ። የስም መጥሪያውም አብሮ ይታይ። በሐሙሲት በሐሙስ ገበያ፣ በፎገራ በሩዝ አጨዳ ሰሞን የሚቀሩት እነማን ናቸው? ያመለጣቸውስ ትምህርት የቱ ነው? ይህ ብቻውን ለአንድ ቡድን የወር ሥራ ይሆናል።

አራተኛ፣ መሪው ራሱ ይማር። ከመምህራኑ ጋር እኩል ይቀመጥ፤ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ክፍል ገብቶ ያስተምር፤ ያልሆነለትንም አስቀድሞ ይናገር። ጀማሪው መምህር አለቃው «እኔም አቅቶኝ ነበር» ሲል ከሰማ አፉን ይከፍታል። ቡድኑ ያስፈልገናል ያለውን ወረቀትና የንባብ መጽሐፍ ለማግኘት ወረዳውንና ወላጆችን የሚያነጋግረውም መሪው ነው።

የመምህሩ ኑሮ በከበደበት በዚህ ጊዜ ይህን ሁሉ መጠየቅ ተገቢ ነውን የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት አለው። የመማማር ቡድን ደመወዝን አይተካም፤ መምህሩ የሚገባውን መጠየቁም መብቱ ነው። ቡድኑ የሚያቀልለት ሌላውን ሸክም ነው፤ ይኸውም በብዙ ልጆች ፊት ብቻውን ቆሞ፣ ያልገባቸውን እያየ፣ የሚያማክረው ማጣቱን ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። ወደየትምህርት ቤታችሁ ስትመለሱ ሦስት መምህራንን፣ አምስት ደብተሮችንና ማንም የማይነካባችሁን አንድ ሰዓት አገናኙ። ቃለ ጉባኤውን ለጊዜው ተዉት። እኛም በሚቀጥለው ጊዜ ስንመጣ አስቀድመን የምንጠይቃችሁ ስለ አንድ ልጅ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ያልቻለው፣ አሁን ግን የቻለው ምንድን ነው ብለን።