ጠገራ ብር በጨረታ ፊት፦ አንድ አሮጌ የብር ገንዘብ መቼ ነው ዋጋ የሚያወጣው?



ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ አንዷ ስልኳን ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ያሳየችኝ በውጭ አገር ለጨረታ የቀረበ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ፎቶግራፍ ነበር። አያቷ በአንገታቸው ያስሯቸው የነበሩትን ሦስት ጠገራ ብሮች በችግር ዘመን ለአንጥረኛ ሸጠዋል። ልጅቱ ከሦስቱ የአንዱን ምትክ እንኳ ወደ ቤት መመለስ ፈልጋለች። «መምህር፣ ልጫረት ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር፤ የዛሬው ንግግሬ የዚያ መልስ ማብራሪያ ነው።

ጥያቄው በአራት ይከፈላል። ዕቃው በእርግጥ ምንድን ነው? በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ለእኔ ስንት ያወጣል? ከየትስ መጣ? አብዛኛው ተጫራች ከሦስተኛው ጥያቄ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ የሚከስረውም ከዚያ ስለሚጀምር ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። በጠገራ ብሩ ላይ 1780 የሚል ዓመት ተጽፏል። ይህ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ ያረፉበት ዓመት ነው፤ ቁጥሩም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ገንዘቡ በቀይ ባሕር ዙሪያ ባሉ ገበያዎች እጅግ ተወድዶ ስለነበር፣ እቴጌይቱ ካረፉም በኋላ ዓመቱ ሳይለወጥ መቀረጹ ቀጠለ። በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ተቀርጿል። ቪየና ዛሬም ትቀርጻለች። እንግዲህ 1780 የሚለው ጽሑፍ የመልኩን ዕድሜ እንጂ በእጃችን ያለውን ገንዘብ ዕድሜ አይነግረንም። «ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው» እያለ የሚያቀርብ ሻጭ አውቆ ባይዋሽ እንኳ ሳያውቅ ያሳስታል።

ልዩነቱ ለሰብሳቢዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ የመቅረጫውን ማኅተም ከኦስትሪያ ተቀብሎ ጠገራ ብር በሮም ማስቀረጽ ጀመረ። ሕዝቡ የሚያምነው ገንዘብ ይህ መሆኑን ያውቅ ነበርና። በተከታዩ ዓመት እንግሊዞችም በለንደን መቅረጽ ጀመሩ። ስለዚህ አንድ ዓመትና አንድ መልክ ካላቸው ሁለት ጠገራ ብሮች አንዱ የሲራራ ነጋዴ በአሞሌና በቡና የለወጠው፣ ሌላው ለወራሪው ጦር ማደላደያ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎች የሚለዩአቸው የንስሩን የጅራት ላባዎች፣ የአክሊሉን ዕንቁዎችና የፊደሎቹን አቀማመጥ በማስተያየት ነው። የእኛም ሰዎች በጊዜያቸው በእቴጌይቱ የትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን 9 ዕንቁዎች ሳይቆጥሩ አይቀበሉም ነበር።

ቀጥሎ እውነተኛነቱ ይመረመራል። የጠገራ ብር ክብደት 28.07 ግራም ገደማ ነው። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ ስለዚህ በውስጡ 23.39 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። ብዙ ገበያ የዞረ ከሆነ ክብደቱ ጥቂት ሊጎድል ይችላል። ሐሰተኛ ሠሪ ክብደቱን ሊያስተካክል ይችል ይሆናል፤ ክብደቱንና መጠኑን በአንድነት ማስተካከል ግን ይከብደዋል። ገንዘቡን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውኃ ውስጥ ብትመዝኑት፣ እውነተኛው ከክብደቱ 2.75 ግራም ገደማ ይቀንሳል። ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ፣ ክብደቱ እኩል የሆነ ሐሰተኛ ግን 3.15 ግራም ገደማ ይቀንሳል። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ተቀርጿል፤ በሐሰተኞቹ ላይ ይህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ አይገኝም።

በጨረታ ግን ዕቃው በእጃችን የለም። ስለዚህ ሻጩን ሁለት ነገር እንጠይቀው፤ እስከ ግራም መቶኛ የተመዘነ ክብደትና የጠርዙን ፎቶግራፍ። ዝም ካለ ዝምታውን እንደ መልስ እንቁጠረው።

አሁን ወደ ምኒልክ ብር ልለፍ፤ እኔ ራሴ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነውና። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸውና በመልካቸው ያስቀረጹት ብር በፓሪስ መሠራት የጀመረው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ክብደቱን ለጠገራ ብር አቀራርበው አሠሩት፤ ሕዝቡ ግን ለረጅም ጊዜ ጠገራውን መምረጡን አልተወም። በምኒልክ ብር ላይ ዓመተ ምሕረቱ በግእዝ ቁጥር ተጽፏል። የ፲፰፻፹፯ቱ በጥቂቱ የተቀረጸ ሲሆን የ፲፰፻፹፱ኙ እጅግ ብዙ ነው፤ ዋጋቸውም አይገናኝም። ሁለቱን የሚለያቸው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው፤ ፯ እና ፱።

ከዓመታት በፊት አንድ አጫራች «1887» ብሎ ያቀረበውን ብር አየሁ። የመጨረሻው ቁጥር ተፍቆ ነበር። ግእዝ ቁጥር በልጅነቴ የተማርኩ ሰው ነኝና ከውጭ አገር ሰው ይልቅ እኔ አውቃለሁ ብዬ፣ ሌላ ፎቶግራፍ እንኳ ሳልጠይቅ ተጫርቼ አሸነፍኩ። ዕቃው ደርሶ በማጉያ መነጽር ሳየው ቁጥሩ ፱ ነበር። አጫራቹን መውቀስ ይቻላል፤ ነገር ግን ፎቶግራፉን አይቼ ፯ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ያነበበው ልቤ የፈለገውን ነበር። ከዚያ ወዲህ የምፈልገውን ዕቃ ሁልጊዜ የማይፈልገው ሰው እንዲያይልኝ አደርጋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ የዕቃው ሁኔታ ነው። ብዙ የአገራችን ጠገራ ብሮች ለአንገት ጌጥ ጆሮ ተበይዶላቸው ነበር። ጆሮው ቢነቀልም ከላይኛው ጠርዝ ላይ ምልክቱ ይቀራል፤ የሰብሳቢ ዋጋውንም በእጅጉ ይቀንሳል። በአሸዋ ወይም በኬሚካል ተፈግፍጎ ያብረቀረቀም እንደዚሁ ነው። የዘመን ጥቁረት አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ሦስተኛው ጥያቄ ሒሳብ ነው። መነሻው የብሩ ዋጋ ነው። አንድ ትሮይ አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ፣ በአንድ ጠገራ ብር ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 0.752 አውንስ ነው። ለምሳሌ አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን፣ ብሩ ብቻውን 22 ዶላር ከግማሽ ገደማ ያወጣል። ከዚያ በላይ የምንከፍለው ለታሪኩ፣ ለጥራቱና ለብርቅነቱ ነው። ሁሉንም አይታችሁ 60 ዶላር ያወጣል አላችሁ እንበል። አጫራቹ በአሸናፊው ዋጋ ላይ 20 በመቶ የሚጨምር፣ የመላኪያው ደግሞ 12 ዶላር ከሆነ፣ ከ60 ላይ 12 ቀንሳችሁ ለ1.2 ስታካፍሉ 40 ይመጣል። ከ40 ዶላር በላይ አትጫረቱ። የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት «የአሸናፊ እርግማን» የሚሉት ነገር አለ። ብዙ ሰዎች የአንድን ዕቃ ዋጋ ሲገምቱ የሚያሸንፈው ከሁሉ አብልጦ የገመተው ነው፤ ከሁሉ አብልጦ የገመተው ደግሞ አብዝቶ የተሳሳተው ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ወሰናችሁን ጨረታው ሳይጀመር በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ከሦስቱም ይበልጣል። የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አስቀርጸዋል። ከየት እንደወጣ የማይታወቅ የአክሱም ብር ለጨረታ ሲቀርብ፣ ከማን ማሳ ተቆፍሮ በማን እጅ እንደተሻገረ አናውቅም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የምንገዛው በርኅራኄ ቢሆንም እንኳ የሚቀጥለውን ቆፋሪ እንቀጥረዋለን። የመጣበት መንገድ በሰነድ ካልተረጋገጠ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መልሴ አንድ ነው፤ አትጫረቱ።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ያን ዕለት ያልኳት «ወሰንሽን ጻፊ፣ ከወሰንሽም አትለፊ» ነበር። ጨረታው ከወሰኗ አለፈ፤ እርሷም ተወችው። ከሁለት ወር በኋላ የጆሮ ብየዳ ምልክት ያለበት ሌላ ጠገራ ብር ቀረበ። በዚያ ጠባሳ ምክንያት ሰብሳቢዎች ስለናቁት ከብሩ ዋጋ ብዙም ሳትርቅ ገዛችው። ለእርሷ ግን የፈለገችው ያንኑ ጠባሳ ነበር፤ የአያቷም ጠገራ ብሮች እንዲሁ አንገት ላይ የዋሉ ነበሩና። የገበያውን ዋጋ ጠንቅቃ ስላወቀች፣ የራሷን ዋጋ ከእርሱ ለይታ ማየት ቻለች።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።