የቤታችሁ መስኮት መለወጥ ያለበት መቼ ነው?

(በመርካቶ ለእናቶችና ለቤተ ሰቦች የተሰጠ የጤና ትምህርት)



ከእናንተ መካከል ቅቤና እህል ይዛችሁ ከገጠር የመጣችሁ አላችሁ፤ እዚሁ አዲስ ከተማ ዘመድ ቤት ያረፋችሁም አላችሁ። ለአዲስ ቤት በርና መስኮት ልትገዙ የመጣችሁም አትጠፉም። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚሁ ስለ መስኮት ነው።

መስኮት ለጌጥ አልተሠራም። ሥራው ሦስት ነው፤ ይኸውም ጢስንና የታፈነ አየርን ማስወጣት፣ ብርሃን ማስገባት፣ ሲዘጋ ደግሞ ዝናብን መከልከል ነው። ይህን የማይሠራ መስኮት ቤተ ሰብን ያሳምማል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። እናት ያዘለችው ሕፃን እሷ የምትተነፍሰውን ጢስ አብሯት ይተነፍሳል እኮ! የሳንባ ነቀርሳ ጀርምም በሳል ወጥቶ በታፈነ ክፍል አየር ውስጥ ይቆያል፤ መስኮት ሲከፈት ግን ነፋሱ ይበትነዋል።

እንግዲህ መስኮታችሁን እንዲህ አድርጋችሁ መርምሩት።

አንደኛ፦ ይከፈታል ወይ? ሌባ ተፈርቶ በሚስማር የተመታ ከሆነ ከግድግዳ አይለይም። ለሌባ ብረት ይደረግለት፤ ብረቱም ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እዚህ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ያደረሰውን ጥፋት ታስታውሳላችሁ። በሩን እሳት ከያዘው መውጫው መስኮት ነው።

ሁለተኛ፦ እንጨቱ ጠንካራ ነው ወይ? ዝናብ የሚያርፍበትን የታችኛውን ክፈፍ በቢላዋ ጫፍ ጫን በሉት። በቀላሉ ከገባ በስብሷል፣ ወይም ምስጥ በልቶታል።

ሦስተኛ፦ በክረምት ዙሪያው ይረጥባል ወይ? ግድግዳው ከሻገተ ወይም ምርጊቱ ከተላቀቀ ውሃ እየገባ ነው። ሻጋታ ደግሞ አስም ያለበትን ልጅ ያስቸግራል።

አራተኛ፦ ብርሃኑ ይበቃል ወይ? ዓይኑ ደኅና የሆነ ሰው በቀትር ያለ መብራት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተው መስኮቱ ጠቧል። የተለመደው ልክ የወለሉ ስፋት አንድ አሥረኛ ነው። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ከሆነ፣ መስኮቱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ሊሆን ይገባል።

«አራስ ቤት ነፋስ ከገባ ምች ይመታል» የምትሉ አላችሁ። ሕፃኑን በሙቅ ልብስ ሸፍኑት፤ ከነፋሱ መንገድም አርቁት። መስኮቱን ግን ክፈቱት፤ የታፈነው ቤት ይብስበታል።

አባወራዎችም ስሙኝ፤ ሁሉም ይለወጥ አላልኩም። ማጠፊያው ከተሰበረ ማጠፊያ ብቻ ግዙ፤ መስታወቱ ከተሰነጠቀ እሱን ብቻ አስለውጡ፤ የተመታውንም ሚስማር ንቀሉት። ክፈፉ ከበሰበሰ፣ ከግድግዳው ከተላቀቀ ወይም መስኮቱ ከጠበበ ግን ጥገናው ገንዘብ ማባከን ነውና ይለወጥ። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ እሳት ከሚነድበት ክፍል ጀምሩ።

ለመግዛት ስትመጡ ቀዳዳውን ለክታችሁ ኑ። በክንድ አትለኩ፤ የእናንተና የሻጩ ክንድ አንድ አይደለም። ሜትር ከሌላችሁ ሲባጎ ቋጥራችሁ አምጡ። የጭቃ ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለምና ላዩን፣ መካከሉንና ታቹን ለክታችሁ ትንሹን ልክ ያዙ። አሮጌ መስኮት የገዛችሁ እንደ ሆነ ከቀለሙ ተጠንቀቁ፤ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ እርሳስ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ አትፋቁት፤ አርጥቡት፣ ልጆችን አርቁ፣ ቅርፊቱን ሰብስባችሁ ጣሉ እንጂ እሳት ውስጥ አትጨምሩት።

አዲስ መስኮት ብቻውን ጢስን አያጠፋም፤ ጢስ የሚቀንስ ምድጃና ከመኝታ የተለየ ማድ ቤት ያስፈልጋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ካለም መስኮት ከፍታችሁ ብቻ አትቀመጡ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ በሽታውም ይድናል።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።