አንድ ፒስተን፣ ብዙ ቡሎን

ዳዊት፦ በፈረንጆቹ 1955 ሕንድ፣ ማድራስ ውስጥ መገጣጠም የጀመረው ሮያል ኤንፊልድ ቡሌት 350 ሞተር ብስክሌት እስካሁን ይሸጣል። ባለ አንድ ፒስተን ሞተር እኮ ነው!

ሰላም፦ ጥቅሙም እሱ ነው። የድሮው አንድ ካንዴላ፣ አንድ ካርቡራተር፣ ሁለት ቫልቭ፤ የገጠር መካኒክ መንገድ ዳር ይፈታዋል።

ዳዊት፦ መንቀጥቀጡስ?

ሰላም፦ አይካድም፤ ቡሎን ያላላል። በ2023 የመጣው 349 ሲሲ ግን ንዝረቱን የሚቀንስ ዘንግ አለው።

ዳዊት፦ የድሮውን ማስነሳት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው አሉ።

ሰላም፦ ነው እንጂ! ቀስ ብለህ ትረግጣለህ፤ የአምፔር መለኪያዋ መርፌ መሃል ስትደርስ የግፊት ማስተንፈሻውን ስበህ ፔዳሉን ትንሽ ታሳልፋለህ። ከዚያ ማስተንፈሻውን ለቀህ በሙሉ ጉልበት ትረግጣለህ። የቸኮለን ሰው ፔዳሉ መልሶ እግሩን ይለዋል።

ዳዊት፦ ይቅርብኝ፤ እኔ በቁልፍ የሚነሳውን እገዛለሁ።

ሰላም፦ ግዛ። ብቻ ዘይቱን በጊዜው ቀይር፣ ካቴናውንም ዝናብ ከመታው በኋላ ቀባው።

ዳዊት፦ አጥብቄ ልወጥረው?

ሰላም፦ በፍጹም! የኋላ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ካቴናው ይብስ ይወጠርና ኩሽኔታ ይበላል። ትንሽ ላላ ይበል፤ ልኩ መመሪያው ላይ ተጽፏል።